በቦርዶ የወይን ጓዳዎች መካከል፦ የመከር ሳምንት ማስታወሻ

ሰኞ

ከፓሪሱ የሞንፓርናስ ጣቢያ የተነሳው ፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ተጉዞ ቦርዶ ሲገባ ቀትር ሆኖ ነበር። ጊዜው የመስከረም መጨረሻ በመሆኑ ሜርሎ የተባለው የወይን ዝርያ ተለቅሞ አልቆ፣ ዘግይቶ የሚበስለው ሌላው ዝርያ ካበርኔ ሶቪኞን ገና እየተለቀመ ነው። ወደዚህ ያመጣኝ ጉዳይ ግን መከሩ ብቻ አይደለም። ለመጠጥነት የተሠራን ነገር በውድ ዋጋ ገዝቶ ሃያና ሠላሳ ዓመት በጨለማ የሚያስተኛ፣ አንዳንዴም ጭራሽ ሳይከፍተው ለሌላ የሚያስተላልፍ ሰብሳቢ በምኑ ተማርኮ እንደሆነ ከሥሩ ለማየት ነው።

ከጣቢያው የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ በከተማዋ አንድ ምግብ ቤት የወይን ኃላፊ ሆኖ ይሠራል። ሻንጣዬን አስቀምጠን በጋሮን ወንዝ ዳር ስንሄድ ከተማዋ የወይን ገበያ የሆነችበትን ምክንያት በዓይን ማየት ይቻላል፤ ወንዙ እንደ ጨረቃ ጎብጦ የከተማዋን ደረት ያቅፋል፣ መርከብም ከአትላንቲክ በዢሮንድ አፍ ገብቶ እዚህ ድረስ ይዘልቅ ነበር። ቦርዶ ያለችበት የአኪቴን ግዛት ወራሽ ኤሌኖር በ1152 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእንግሊዝን ዙፋን ሊወርስ የተቃረበውን ሄንሪን ካገባች በኋላ አገሩ እስከ 1453 ድረስ በእንግሊዝ ነገሥታት እጅ ቆየ። የቦርዶ ወይን ከጥንትም ባሕር ተሻግሮ ለሚገዛ ሰው ተብሎ የሚሠራ ዕቃ የሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢም ከዚህች ከተማ ጋር ሳያውቀው ይተዋወቃል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን በ1998 የገዛው ካስቴል የተባለው ድርጅት መሠረቱ እዚህ ነው፤ በዝዋይ ዳርቻ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ተክሎ የመጀመሪያውን ወይን በ2014 ለገበያ ያወጣውም እርሱው ነው። ይሁንና በዓለም ላይ ከሚጠመቀው ወይን አብዛኛው፣ የቦርዶውም ጭምር፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ከዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ሲሆን እኔም የመጣሁት ለዚያ ጥቂት ነው።

ማክሰኞ

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በአክስቴ ልጅ መኪና ወደ ሰሜን፣ ወደ ሜዶክ አመራን። ዲ 2 የተባለው ጠባብ መንገድ ማርጎን፣ ሳን ዡሊያንን፣ ፖያክንና ሳንት ኤስቴፍን እያቆራረጠ ከዢሮንድ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። በዓለም ላይ ካሉ የወይን መንደሮች ስማቸው የገነነውን ፈልጎ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ነገር ቅር ያሰኘዋል፤ ተራራ የለም፣ ሸለቆ የለም፣ ያለው ዝቅ ያለ ሜዳና ከሜዳው ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ የሚል ጉብታ ነው።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚያ ጉብታ ውስጥ ነው። በአንድ ማሳ ዳር ቆመን ጎንበስ ብዬ አፈሩን ስዘግን በእጄ የቀረው አፈር ሳይሆን ጠጠር ነበር፤ ወንዞች በረጅም ዘመናት አንከባልለው ያመጡት፣ ነጭና ቡኒ፣ አንዳንዱ የእንቁላል ያህል የሚሆን ድቡልቡል ድንጋይ። ጠጠሩ ዝናቡን ቶሎ ወደ ታች ያሳልፋል፣ ቀን የሞቀውን ፀሐይ ማታ ለተክሉ ይመልሳል፣ ምግብ ግን እምብዛም አይሰጥም፤ ስለዚህ ሥሩ ውሃ ፍለጋ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፣ ፍሬውም ትንሽና ልጣጨ ወፍራም ሆኖ ይቀራል። ካበርኔ ሶቪኞን እንዲህ ያለውን ድህነት ይወዳል። እነዚህ ጉብታዎች ለእርሻ የተመቹት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ መሐንዲሶች በዙሪያቸው የነበረውን ረግረግ በቦይ ካደረቁት ወዲህ ነው።

በፖያክ ደቡባዊ ዳርቻ ሻቶ ላቱርን ከመንገድ ላይ ተመለከትነው (ሻቶ እዚህ የወይን እርሻ ከነጓዳው ማለት ነው)፤ ለመንገደኛ በሩን አይከፍትም። ክብ የድንጋይ ማማው በማሳው መሐል ቆሟል፣ ከእርሱም ባሻገር ወንዙ ይታያል። ወደ ሰሜን ስንቀጥል ባንኮኛው ዣም ደ ሮትሽልድ በ1868 የገዛው ላፊት አለ፤ ከላፊት ጥቂት እልፍ ብሎ ደግሞ ኮስ ዴስቱርኔል የእስያ ቤተ መቅደስ በሚመስሉ ጉልላቶቹ ብቅ ይላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ባለቤቱ ወይኑን እስከ ሕንድ ይሸጥ ስለነበር የዚያን አገር የሕንጻ ጥበብ ጓዳው ላይ አሳርፎታል። በማሳዎቹ ሁሉ መካከል የሰብሳቢን ዓይን የሚስበው አጥር እንኳ አለመኖሩ ነው፤ በሺህ ዩሮ የሚሸጠው ወይን ተክልና በሃምሳ የሚሸጠው ጎረቤቱ አንዳንድ ቦታ ላይ የሚለያዩት በአንድ የጋሪ መንገድ ነው።

ልዩነቱን በወረቀት ያጸናው የ1855ቱ ዝርዝር ነው። ናፖሊዮን ሣልሳዊ ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርዒት የቦርዶ ወይኖች ደረጃ እንዲወጣላቸው በጠየቀ ጊዜ የከተማዋ ደላሎች አዲስ ቅምሻ አላካሄዱም፤ ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ ሻቶ የተሸጠበትን ዋጋ ከመዝገብ አውጥተው በአምስት እርከን ደረደሩት። በመጀመሪያው እርከን ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎና ከሜዶክ ውጭ ያለው ኦ ብሪዮን ተቀመጡ። ምርጫው ለማንም እንግዳ አልነበረም፤ ቶማስ ጀፈርሰን ገና በ1787 ቦርዶን ሲጎበኝ እነዚሁኑ አራቱን ከሁሉ በላይ አድርጎ ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ መጀመሪያው እርከን ያደገ ሙቶን ሮትሽልድ ብቻ ነው፤ ባለቤቱ ፊሊፕ ደ ሮትሽልድ ለአሥርተ ዓመታት ከተሟገተ በኋላ በ1973 ውሳኔውን የፈረመለት በጊዜው የግብርና ሚኒስትር የነበረው ዣክ ሺራክ ነው።

በዚህ ዝርዝር ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ደረጃው የተሰጠው ለሻቶው ስም እንጂ ለመሬቱ አይደለም፤ ሻቶው ከጎረቤት መሬት ገዝቶ ቢጨምር የተጨመረውም መሬት ፍሬ በአሮጌው ማዕረግ ይሸጣል። ሰብሳቢው ግን በዚህ አይረበሽም። ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ሳይናወጥ የቆየ ማዕረግ፣ ፍትሐዊ ሆነም አልሆነ፣ የዛሬ ሠላሳ ዓመትም የሚገዛ ሰው እንደሚኖር ዋስትና ይሆንለታል።

ረቡዕ

ዛሬ በቀጠሮ የገባነው በፖያክ በአምስተኛው እርከን ላይ ከተመዘገቡት ሻቶዎች ወደ አንዱ ነው። በግቢው ውስጥ ለቃሚዎቹ ያመጡት ፍሬ ከእንጨቱ እየተለየ በሚንቀሳቀስ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፤ በግራና በቀኝ የቆሙት ሴቶች ቅጠሉን፣ ያልበሰለውንና የሻገተውን በፍጥነት ያነሳሉ። ፍሬው ወደ ጋን ገብቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ከነልጣጩ ይቆያል፤ ጭማቂው ራሱ ነጣ ያለ ስለሆነ ቀለሙም፣ አፍ የሚያደርቀው ታኒን የተባለው ንጥረ ነገርም የሚመጡት ከልጣጩ ነው።

ከዚያ ወደ በርሜሉ ጓዳ ወረድን። እያንዳንዱ በርሜል 225 ሊትር፣ ማለትም 300 ጠርሙስ ይይዛል። ያለፈው ዓመት ወይን እዚህ ተኝቷል፤ በየሦስት ወሩም ከአንዱ በርሜል ወደ ሌላው ይገለበጣል። ሁለት ሠራተኞች ይህንኑ ሲያደርጉ ለረጅም ጊዜ ቆሜ ተመለከትኩ። አንደኛው ከበርሜሉ ግንባር በታች ካለው ቀዳዳ የሚወርደውን ወይን ይቆጣጠራል፤ ሁለተኛው በየጥቂቱ በትንሽ ብርጭቆ እየቀዳ በሻማ ፊት ይይዘዋል። ወይኑ ጥርት ብሎ ሳለ የሻማው ነበልባል በቀይ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ አተላው ሊደርስ ሲል ነበልባሉ ይደበዝዛል፣ በዚያች ቅጽበት ቀዳዳው ይዘጋል። ባዶው በርሜል ታጥቦ በውስጡ ድኝ ይጨስበታል፤ ይህን ልማድም ያመጡት ሆላንዶች ናቸው። ወደ ጠርሙስ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ለአንድ በርሜል አምስት ወይም ስድስት የእንቁላል ነጭ ተመትቶ ይጨመርበታል፤ ነጩ ሻካራውን ታኒን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል።

የጓዳው ኃላፊ ከበርሜሉ በብርጭቆ ቱቦ ቀድተው ሰጡን። ቀለሙ ወደ ወይን ጠጅ ጥቁረት ያደላል፣ ሽታው የጥቁር ፍሬና የአዲስ እንጨት ነው፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ለረጅም ሰዓት ምድጃ ላይ የተረሳ ሻይ እንደሚያደርገው ድድንና ምላስን ጭምድድ አድርጎ ያደርቃል። ለማያውቅ ሰው ይህ መጥፎ ወይን ነው። ለሰብሳቢ ግን የሚፈልገው ምልክት ይኸው ነው፤ ያ ድርቀት የሚመጣው ከታኒን ነውና፣ ታኒኑም ከአሲዱ ጋር ሆኖ ወይኑን ከጊዜ የሚጠብቀው ጋሻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ዓመታት ባለፉ ቁጥር የታኒን ቅንጣቶች እርስ በርሳቸውና ከቀለሙ ጋር እየተያያዙ ይረዝማሉ፣ በመጨረሻም ከብደው አተላ ሆነው ይቀመጣሉ። አፍን የሚያደርቀው ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ከሐምራዊ ወደ ጡብ ይለወጣል፣ የፍሬው ሽታ ደግሞ በትምባሆ፣ በዝግባ እንጨትና በቆዳ ሽታ ይተካል። ሂደቱ ዝግ ብሎ እንዲሄድ ጓዳው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቆየት አለበት፤ ቡሹ እንዳይደርቅም ጠርሙሱ በጎኑ ይተኛል።

በጓዳው መጨረሻ በብረት በር የተዘጋ ክፍል አለ። የሻቶው የራሱ ክምችት በዚያ ነው፤ መለያ ወረቀት ያልተለጠፈባቸው፣ አቧራና የሸረሪት ድር የሸፈናቸው ጠርሙሶች በየዓመታቸው ተደርድረዋል። ወረቀቱ የሚለጠፈው ጠርሙሱ ከቤቱ ሊወጣ ሲል ብቻ ነው። ኃላፊው በኩራት ያሳዩን የ1945ን መደርደሪያ ነበር፤ ጦርነቱ ባለቀበት ዓመት የግንቦት ውርጭ እምቡጡን አርግፎት ምርቱ ጥቂት ሆነ፣ የተረፈው ግን ከክፍለ ዘመኑ ምርጦች አንዱ ወጣው። ስንት እንደቀረ ብጠይቃቸው ፈገግ ብለው አለፉኝ። በማንኛውም ዓመት የተሠራ ወይን ከዚያ በኋላ አይጨመርም፤ አንድ ሰው በልደቱ ቀን አንድ ጠርሙስ በከፈተ ቁጥር በዓለም ላይ የቀረው ያንሳል። የሥዕል ሰብሳቢ ሥዕሉን እያየው ይኖራል፣ የወይን ሰብሳቢ ግን ሀብቱን ሊያውቀው የሚችለው ሲያጠፋው ብቻ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ፍቅር ስሜታዊ ግለት የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሐሙስ

ቀኑን ያሳለፍኩት በቦርዶ ውስጥ፣ የወይን ነጋዴዎች ለዘመናት በሠፈሩበት ሻርትሮን በሚባለው ሰፈር ነው። ታላላቆቹ ሻቶዎች ወይናቸውን በቀጥታ ለጠጪ አይሸጡም። ደላላው በሻቶውና በጅምላ ነጋዴው መካከል ቆሞ በልማድ ሁለት በመቶ ያገኛል፤ ጅምላ ነጋዴው ደግሞ ለለንደን፣ ለኒው ዮርክና ለሆንግ ኮንግ ያከፋፍላል። ግብይቱም የሚጀመረው ወይኑ ገና በርሜል ውስጥ ሳለ ነው፤ በመከሩ ማግስት በሚመጣው ጸደይ ቀማሾች ይጠራሉ፣ ነጥብ ይሰጣሉ፣ ዋጋ ይወጣል፣ ገዢም ከአንድ ዓመት ተኩል ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ለሚረከበው ጠርሙስ ዛሬ ይከፍላል። አሜሪካዊው የወይን ሐያሲ ሮበርት ፓርከር ስሙን የተከለው ሌሎች የተጠራጠሩትን የ1982 ወይን በዚህ ደረጃ ላይ አወድሶ ነው። በዚያ ጊዜ አምነውት የገዙ ሰዎች እጅግ አተረፉ፤ ከዚያ ወዲህም ብዙ ሰው ያንኑ ዕድል ለመድገም ቀድሞ ይከፍላል።

እንደ እኔ አስተያየት ያ ዘመን አልፏል። ሻቶዎቹ የመነሻውን ዋጋ ራሳቸው ከፍ ስላደረጉት በቅርቡ ከወጡት ወይኖች ብዙዎቹ ጠርሙስ ከገቡ በኋላ ቀድሞ ከተከፈለባቸው ባነሰ ዋጋ ተገኝተዋል። ላቱር በ2012 ከዚህ አሠራር ጨርሶ ወጥቶ ወይኑን በራሱ ጓዳ አቆይቶ፣ ለመጠጥ ሲቃረብ መሸጥን መርጧል። ውሳኔው ገንዘብን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ከሻቶው ጓዳ ተነስቶ የማያውቅ ጠርሙስ የሕይወት ታሪኩ አንድ መስመር ብቻ ነው።

የሕይወት ታሪክ ስል ነጋዴው ያሳየኝን ማለቴ ነው። በመጋዘኑ አንድ የቆየ ጠርሙስ አንስቶ ከብርሃን ፊት አቆመውና በመጀመሪያ የወይኑን ከፍታ አሳየኝ፤ ከቡሹ ሥር አንገቱን ከሞላ ጥሩ ነው፣ ወደ ትከሻው ከወረደ ቡሹ አየር እያስገባ ነው፣ ከትከሻው በታች ከሆነ ግን እንደ መጠጥ ሳይሆን እንደ ቅርስ ይሸጣል። ቀጥሎ ወረቀቱን፣ የቡሹን ቆብ፣ ከዚያም ዋናውን የእንጨት ሳጥን፣ በመጨረሻም ማን ከማን መቼ እንደገዛውና የት እንደተቀመጠ የሚናገሩትን ደረሰኞች ተመለከትን። አንድ ዓይነት ወይን፣ አንድ ዓይነት ዓመት፣ ደረሰኝ ያለውና የሌለው ዋጋቸው አይገናኝም።

ለምን እንደማይገናኝ የሚያስረዱ ሁለት ታሪኮች እዚህ ሁሉም ሰው በአፉ ይዞ ይዞራል። በታኅሣሥ 1985 ለንደን ውስጥ በክሪስቲ ጨረታ የጀፈርሰን ስም መነሻ ፊደላት የተቀረጹበት የ1787 ላፊት በ105,000 ፓውንድ ለፎርብስ ቤተሰብ ተሸጠ። ጠርሙሱን ያቀረበው ጀርመናዊው ሃርዲ ሮደንስቶክ ነበር። ገዢዎቹ ለዕይታ ባቆሙት ጊዜ የመብራቱ ሙቀት ቡሹን አድርቆት ወደ ወይኑ ውስጥ ወደቀ። ከዚያው ምንጭ ሌሎች ጠርሙሶችን የገዛው አሜሪካዊው ሰብሳቢ ቢል ኮች በኋላ ያሰማራቸው ባለሙያዎች ፊደላቱ በዘመናዊ መሣሪያ የተቀረጹ ናቸው ሲሉ ደመደሙ፤ ሮደንስቶክ ግን እስከ ሞተበት 2018 ድረስ ማጭበርበሩን አላመነም። ሁለተኛው ታሪክ የወይን ሰብሳቢና ሻጭ የነበረው የሩዲ ኩርኒያዋን ነው። በ2008 በኒው ዮርክ ለጨረታ ካቀረባቸው፣ ቡርጎኝ ከተባለው ሌላው የፈረንሳይ የወይን አገር ከመጡ ወይኖች አንዳንዶቹ ጠማቂው ቤት ያንን ወይን መሥራት ከመጀመሩ በፊት ያሉ ዓመታት ተጽፎባቸው ነበር። ጠማቂው ራሱ ከፈረንሳይ ተነስቶ በጨረታው ላይ ተገኘ፣ ጠርሙሶቹም ተነሱ። ፖሊስ በ2012 የኩርኒያዋንን ቤት ሲፈትሽ የመለያ ወረቀት ክምር አገኘ፤ በ2014ም የአሥር ዓመት እስራት ተፈረደበት። ተታለሉ የተባሉት ሰዎች ምላስ የሌላቸው አልነበሩም። ከ1945 የተረፈ ወይን ደጋግሞ የቀመሰ ሰው በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ግን ሐሰቱን ከእውነተኛው የሚያመሳክሩበት አልነበራቸውም።

ዓርብ

ወንዙን ተሻግረን ወደ ሳንቴሚልዮን ሄድን። በዚህኛው ዳርቻ ሸክላና የኖራ ድንጋይ ይበዛል፣ ሜርሎም ይነግሣል፤ ወይኑ ቀድሞ ይለሰልሳል። በከተማይቱ መሐል ከአንድ አለት የተፈለፈለ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የላሊበላ ልጅ እዚህ ሲገባ እጁ ሳያስበው ወደ ግንቡ ይሄዳል። ሥራው ከኛ ይልቅ ሸካራና ጨለማ ነው፣ ያም ሆኖ ሳልሳለም አልወጣሁም።

እዚህ የወይኑ ደረጃ ከ1955 ጀምሮ አለ፤ በየአሥር ዓመቱ ገደማም ይከለሳል። ክለሳው ክስና ክርክር አያጣውም፤ ከላይ ተቀምጠው ከነበሩት ኦዞን፣ ሸቫል ብላንና አንዤሉስ ከ2022ቱ ምዘና በፊት ራሳቸውን አግልለዋል። አጠገቡ ያለው ፖምሮል ደግሞ ይፋዊ ደረጃ ኖሮት አያውቅም፤ ሆኖም ከቦርዶ እጅግ ውድ ወይኖች አንዱ የሆነው ፔትሩስ ከዚያ ነው፣ ከ11 ሄክታር ጥቂት ከሚበልጥ ሰማያዊ ሸክላ። ማሳውን ፈልገን አጣነው፤ ግዙፍ ግንብ ስንጠብቅ ያገኘነው ተራ የገጠር ቤት የሚመስል ሕንጻ ስለነበር ሁለት ጊዜ አልፈነው ሄደናል።

ቅዳሜ

የአክስቴ ልጅ የዕረፍት ቀኑ በመሆኑ ማታ ቤቱ አንድ ጠርሙስ ከፈተልኝ፤ የሳን ዡሊያን ወይን ነው፣ ዓመቱ 1996፣ በሜዶክ ካበርኔ ሶቪኞን እጅግ የተዋጣለት ዓመት። አተላው ወደ ሥሩ እንዲወርድ ከትናንት ጀምሮ አቁሞት ነበር። ቡሹ ግማሽ ላይ ሊቆረስ ሲል እጁን አዘግይቶ በጥንቃቄ አወጣው። ከዚያ ከጠርሙሱ አንገት በስተጀርባ ሻማ አብርቶ፣ ሳያቋርጥ በቀስታ ወደ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ገለበጠው፤ ጥቁሩ አተላ እንደ ጭስ ሆኖ ወደ አንገቱ ሲጠጋ አቆመ፣ ከጠርሙሱ ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ቀረ።

ዳሩ ላይ የሸክላ ቀለም አለው። መጀመሪያ ዝግ ነበር፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ የዝግባ ሳንዱቅ፣ የደረቀ ትምባሆና ከዝናብ በኋላ ያለ የጫካ አፈር ሽታ ተራ በተራ መጣ፣ ከሥሩም ያልሞተ ጥቁር ፍሬ አለ። ረቡዕ አፌን ያደረቀው ታኒን እዚህ እንደ ሐር ሆኗል። ጣዕሙ ከተዋጠ በኋላ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እውነቱን ለመናገር በዋጋው ልክ የሚጣፍጥ ነገር አለ ብዬ አላምንም፤ ከዚህ በአሥረኛ ዋጋ ደስ የሚያሰኝ ወይን ይገኛል። እንደዚህ ያለ ሽታ ግን በምንም ጥበብ ከአዲስ ወይን ማውጣት አይቻልም፣ ሰብሳቢውም ገንዘቡን የሚሰጠው ለዚያ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ በብርጭቆው የቀረው መድከም ጀመረ።

የአክስቴ ልጅ በ2016 የተወለደች ልጅ አለችው፤ የዚያኑ ዓመት ወይን፣ 12 ጠርሙስ ከፖያክ፣ በእንጨት ሳጥኑ እንዳለ በአንድ ነጋዴ መጋዘን አስቀምጦላታል። ዋጋው ሲጨምር ግማሹን ሸጦ የቀረውን በነጻ ያገኘ ያህል እንዲሆንለት ሐሳብ ብሰጠው ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ ሳጥኑ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል፤ ወይ ሁሉም ይሸጣል፣ ወይ ሁሉም ይጠጣል» አለኝ። ልጅቱ ሃያ ዓመት እስኪሞላት ሳጥኑን ላለመንካት ወስኗል። እስከዚያ የወይኑን አካሄድ ለመከታተል ግን ከዚያው ሻቶና ከዚያው ዓመት ነጠላ ጠርሙሶች ከሱቅ እየገዛ በየአራትና በየአምስት ዓመቱ ሊከፍት አስቧል። የመጀመሪያውን ለመጪው ፋሲካ ቀጥሮታል፤ ከዶሮ ወጡ ጋር ግን አይደለም፣ በርበሬው ወይኑን ይገድለዋልና ከፖያክ በግ ጥብስ ጋር ነው።